በአራት የተሰነጠቀችው ከረጢት፦ የተራራውን ጥቁር ሞስ ስለ መለየት

ጥያቄው፦ «ከፍ ያለ ተራራ ላይ፣ በረዶ ዘግይቶ በሚቀልጥበትና ውሃ በሚንጠባጠብበት የግራናይት ድንጋይ ላይ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ሞስ አገኘሁ። ቁመቱ ከ2 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ጫፉ ላይ በአራት የተሰነጠቁ፣ በጣም ጥቃቅን ፍሬ መሳይ ነገሮች አሉት። የስልኬ መተግበሪያ ግሪሚያ ነው አለኝ፤ ፎቶውን ያየ ወዳጄ ደግሞ ብርቅ የሆነው የበረዶ አንድሬያ ነው አለኝ። ማንን ልመን? ጥቂት ወስጄስ ቤቴ ማብቀል እችላለሁ?»

ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ በፊት «በአራት የተሰነጠቁ» ስላሉኝ አመሰግንዎታለሁ። ስለ ሞስ፣ ማለትም ያለ አበባና ያለ ዘር ድንጋይና እርጥብ ቦታ ላይ ስለሚበቅለው ደቃቃ ተክል፣ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በቀለም ጀምረው በቀለም ያበቃሉ፤ ጥቁር ነው፣ ቀይ ነው፣ እንደ ከፋይ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ፎቶ። እርስዎ ግን ጎንበስ ብለው ፍሬ መሳዩን ነገር አይተዋል። የመልሱ ግማሽ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ግሪሚያም አንድሬያም የሞስ ወገኖች ናቸው፤ መተግበሪያው ግን ተሳስቷል። ወዳጅዎ ወገኑን በትክክል አውቀውታል፤ ዝርያውን የጠሩት ግን አንድም ቅጠል ተነቅሎ ሳይታይ ነው። እንደነገሩኝ ከሆነ ያገኙት ተክል አንድሬያ ለመሆኑ ብዙ አልጠራጠርም። የትኛዋ አንድሬያ እንደሆነች ግን ከፎቶ አልናገርም፤ ሌላ ሰው ቢናገርልዎትም አይቀበሉ። ያንን የሚወስነው በአንዲት ቅጠል መሐል የሚያልፈው ወይም የማያልፈው ጅማት ነው።

ፍሬ መሳይ ካሉት ነገር፣ ከከረጢቷ ልጀምር። በአብዛኞቹ ሞሶች ስፖር፣ ማለትም ሞስ የሚራባበት ደቃቅ ብናኝ፣ የሚበስልባት ከረጢት እንደ ትንሽ ማሰሮ ናት። በቀጭን ዘንግ ላይ ሆና፣ ክዳን ገጥማ ትበስላለች። ስትደርስ ክዳኗ ይወድቃል፤ በአፏ ዙሪያ የተደረደሩ ጥርሶችም ይታያሉ። ግሪሚያ የዚህ ዓይነት ናት፤ ጥርሶቿም 16 ናቸው። አንድሬያ ክዳንም ጥርስም የላትም። ከረጢቷ ጎንና ጎኗ ላይ ቁልቁል በአራት ቦታ ትሰነጠቃለች፤ አራቱ ክፋዮች ግን አይበታተኑም፣ ጫፋቸው ላይ እንደተያያዙ ይቀራሉ። አየሩ ሲደርቅ ከረጢቷ ቁመቷ ይኮማተራል፣ ክፋዮቹ ወደ ውጭ ይቆለመማሉ፣ በስንጥቆቹ መካከል ስፖሩ ይወጣል። እርጥበት ሲነካት መልሳ ትዘጋለች። በደረቅ ቀን በ10 እጥፍ የእጅ አጉሊ መነጽር ቢያይዋት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰች የወረቀት ፋኖስ ትመስልዎታለች። ከተከፈቱት አንዷን መርጠው በመርፌ ጫፍ ጥቂት ውሃ ያስነኳትና ዓይንዎን ሳይነቅሉ ይጠብቁ። ስንጥቆቹ ሲጠቡና ፋኖሱ ሲዘጋ ያያሉ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም፤ አሁንም ባየሁት ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

ከረጢቷ የቆመችበት አጭር እግርም ልዩ ነው። በአብዛኞቹ ሌሎች ሞሶች ዘንጉ የከረጢቷ የራሷ አካል ሲሆን በአንድሬያ ግን እናት ተክሏ ከራሷ ግንድ አሳድጋ የምታቀርብላት ድጋፍ ነው። ባለሙያዎች ሐሰተኛ እግር ይሉታል። በሌንስ ይህን ከእውነተኛው ዘንግ መለየት ለጀማሪ ይከብዳልና ለጊዜው ይተዉት፤ አራቱ ስንጥቆች ይበቃሉ።

ከረጢት ላይ ይህን ያህል የማተኩረው ያለ ምክንያት አይደለም። ታካኪያ የምትባል የከፍተኛ ተራሮች ተክል አለች። በ1958 እ.ኤ.አ. ከጃፓን በተገኘ ናሙና ስትገለጽ ከሊቨርዎርት ወገን ተቆጠረች፤ ሊቨርዎርት ማለት የሞስ የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ እንደ እርሱ ያለ አበባና ያለ ዘር የሚኖር ተክል ነው። ለብዙ ዓመታት የታየው ቅጠሏ ብቻ ነበር፤ ቅጠሏም እንደ ጣት ተከፋፍሎ የማንንም ስለማይመስል ክርክሩ እልባት አላገኘም። ከረጢት ያላት ታካኪያ ከአላስካ አጠገብ ካሉት የአሉሺያን ደሴቶች ተገኝታ በ1993 እ.ኤ.አ. ስትገለጽ ከረጢቷ ጠምዘዝ ባለ አንድ ስንጥቅ የምትከፈት የሞስ ከረጢት ሆና ተገኘች። ተክሉ ያው ነው፣ ድንጋዩም ያው ነው፤ የተጨመረው አንድ ከረጢት ብቻ ነበር። ስለዚህ ከረጢት ያለው ናሙና በእጅዎ ሲገባ ብዙ ሰው ያላገኘውን እንዳገኙ ይቁጠሩት።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልምጣ፤ «ብዙ አልጠራጠርም» ያልኩት ጥቂት ስለምጠራጠር ነው። በአራት የምትሰነጠቅ ከረጢት ያላት አንድሬያ ብቻ አይደለችም፤ የሊቨርዎርቶችም ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ በአራት ይከፈላል። በከፍተኛ ተራራ ድንጋይ ላይ ደግሞ ማርሱፔላና ጂምኖሚትሪዮን የሚባሉ ጥቃቅን ሊቨርዎርቶች አሉ። ከእነርሱ መካከል ጠቆር ያሉ፣ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደሉ፣ ከአንድሬያ ጎን ለጎን የሚበቅሉ ይገኛሉ። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንዷን ማርሱፔላ የአንድሬያ ፖስታ ውስጥ አስገብቼ ስሟን ጽፌባት ነበር፤ ስህተቱን ያገኘሁት ከሁለት ክረምት በኋላ ፖስታውን ለሌላ ጉዳይ ስከፍት ነው። ያኔ ያሳሳተኝ ቀለሙ ነበር።

ልዩነቱ ሲያውቁት ቀላል ነው። የሊቨርዎርት ከረጢት ስትከፈት አራቱ ክፋዮች ከጫፋቸው ተላቅቀው እንደ መስቀል ይዘረጋሉ። የቆመችበት ዘንግ ነጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በቀናት ውስጥ የሚጠወልግ ለስላሳ ነገር ነው። ከስፖሮቹ ጋር ተቀላቅለው እንደ ሽቦ የተጠማዘዙ ቀጫጭን ክሮችም አሉ፤ አንድሬያ ይህ የላትም። ከረጢት ባይኖር እንኳ ቅጠሉ ይናገራል። ማርሱፔላና ጂምኖሚትሪዮን ቅጠላቸውን በግንዱ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይደረድራሉ፣ የእያንዳንዱም ቅጠል ጫፍ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። የአንድሬያ ቅጠሎች ግን በግንዱ ዙሪያ ሁሉ ይበቅላሉ፣ ጫፋቸውም አንድ ነው። እርስዎ ጋ ያለው የትኛው እንደሆነ አንድ ቅርንጫፍ አርጥበው በሌንስ ከላይ ቢያዩት በግማሽ ደቂቃ ይለያል።

መተግበሪያው ለምን ግሪሚያ አለ? በድንጋይ ላይ ጉብ ጉብ ብሎ የሚበቅል ጠቆር ያለ ሞስ ሲባል በብዛት የሚገኘው ግሪሚያና ዘመዶቹ ስለሆኑ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ግሪሚያዎች የቅጠላቸው ጫፍ በብርጭቆ መሰል ነጭ ፀጉር ያበቃል፤ ሲደርቁ ጉብታው ሽበት ያወጣ ይመስላል። በቅጠሉ ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ፀጉር ካዩ አንድሬያን ይርሱት። ሺስቲዲየም የሚባለው ዘመዳቸው ከረጢቱን በቅጠሎች መካከል ሸሽጎ ይይዛል፤ ክዳኑ ሲወድቅ የከረጢቱን መሐል ምሰሶ ነቅሎ ይዞት ይሄዳል። ራኮሚትሪየም ደግሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሕዋሶቹ ግድግዳ እንደ ማዕበል ይጥመለመላል፤ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዳግመኛ አይስተውም። ለእርስዎ ናሙና ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚረዳው ሌላ የመስክ ፈተና ነው። ደረቅ የአንድሬያ ቅንጣት በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ሲታሽ ተሰባብሮ እንደ ጥቁር ብናኝ ይረግፋል። ይህ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ዓይን ያየውን ለማገዝ ግን ጥሩ ነው።

ግራናይት ማለትዎም ትልቅ ነገር ነው። አንድሬያዎች ኖራ የሌለበትን፣ አሲዳማ የሆነውን ድንጋይ ይወዳሉ፤ ከዋልታ አካባቢ እስከ ሐሩር ክልል ከፍተኛ ተራሮች ድረስ የሚገኙት በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ነው። በእርግጥ ኖራ ያለበት ነገር ላይ ነበር ቢሉኝ ኖሮ ሙሉ መልሴን እንደገና አስብ ነበር። በአላስካና በሰሜን ምዕራብ ካናዳ ኖራማ ድንጋይ ላይ የምትበቅል አንድሬዮብርየም የምትባል የሩቅ ዘመድ አለች፤ ስቲርና መሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. ስም ያወጡላት። እርሷ እውነተኛ ዘንግ አላት፣ የከረጢቷም ክፋዮች ጫፋቸው ላይ ተያይዘው አይቀሩም። ድንጋዩን ለመፈተን ከሞሱ ራቅ ባለ ቦታ ከወደቀ ስባሪ ላይ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያንጠባጥቡ፤ ከፈላ ኖራ አለበት፣ ዝም ካለ የለበትም። ሞሱ ላይ ግን በፍጹም አያፍስሱ።

ዋናው ሥራ ቅጠሉ ነው። አንዲት ቅርንጫፍ፣ ከግጥሚያ እንጨት ራስ የማትበልጥ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይንከሩ። የደረቁት ቅጠሎች ከግንዱ እየራቁ ይዘረጋሉ። ግንዱን በአንድ ወረንጦ ጫፉ ላይ ይያዙ፣ በሌላው ወረንጦ ከግንዱ መሐል ያሉትን ቅጠሎች ወደ ታች፣ ወደ ሥሩ አቅጣጫ ይሳቡ። ወደ ላይ የሳቡት ቅጠል ይቀደዳል፤ ወደ ታች የተሳበው ከነመሠረቱ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ መሠረቱን ነው። ከጫፍ ያሉትን አይውሰዱ፣ ገና አላደጉም። ከረጢቷን ከብበው ያሉትንም ለብቻቸው ያስቀምጡ፤ እነርሱ ከሌሎቹ የተለየ ቅርጽ ስላላቸው ብዙ ሰው ያሳስታሉ። አምስት ስድስት ቅጠል በስላይድ ላይ በውሃ ዘርግተው መሸፈኛ ብርጭቆ ይደፉበት። የአየር አረፋ ካስቸገረ ስላይዱን ከሥር ጥቂት ያሙቁት።

በ40 እጥፍ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ መሐል ጅማት አለ ወይስ የለም? የአንድሬያ ሕዋሶች ግድግዳቸው ወፍራምና ቡናማ ስለሆነ ቅጠሉ ጨለም ይላል፤ የማይክሮስኮፑን ብርሃን ከፍ ያድርጉት። ጅማት ካለ ከመሠረቱ ጀምሮ ጠቆር ያለ፣ ሕዋሶቹ የረዘሙ መስመር ሆኖ ይታያል። ከሌለ ቅጠሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። ቅጠሉ ታጥፎ ከሆነ እጥፋቱ ጅማት ይመስላልና አንድ ቅጠል አይቶ መወሰን ልክ አይደለም።

ጅማት ከሌለው የበረዶ አንድሬያ አይደለም፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ምናልባት አንድሬያ ሩፔስትሪስ ይሆናል፤ ቅጠሉ ከታች ሰፋ ብሎ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ ጀርባው ላይ ጥቃቅን ጉጦች ያሉት፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ተራሮች በሰፊው የሚገኝ። ወይም አንድሬያ አልፒና፤ የዚች ቅጠል የሚሰፋው ከወገቡ በላይ ነው፣ ከዚያ ድንገት ጠቦ በሹል ጫፍ ያበቃል፣ የመሠረቱም ዳር ጥርስ ጥርስ አለው። ስሟ አልፒና በመሆኑ ብቻ የከፍታ ብርቅ ናት ብለው አያስቡ፤ እርጥበት በማይለያቸው ውቅያኖስ አቅራቢያ ባሉ ተራሮች በብዛት የምትገኝበት ቦታ አለ።

ጅማት ካለው ነገሩ ይጣፍጣል። የበረዶ አንድሬያ፣ አንድሬያ ኒቫሊስ፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ሁከር በ1811 እ.ኤ.አ. የሰየማት፣ የቀለጠ የበረዶ ውሃ የሚያርሰውን ድንጋይ የምትወድ ናት። ከእህቶቿ ረዘምና ለስለስ ትላለች፤ ቅጠሎቿ ሁሉ ወደ አንድ ወገን እንደ ማጭድ ይታጠፋሉ። የነገሩኝ ቦታ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ወዳጅዎም ይህን አስበው ይመስለኛል። ነገር ግን በዚያው በረዶ ዘግይቶ በሚለቅቀው ድንጋይ ላይ አንድሬያ ብሊቲ የምትባል ሌላ ባለ ጅማት አለች፤ እርሷም ጥቁር ናት፣ ቅጠሏም ሊታጠፍ ይችላል። ሁለቱን ቦታው አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ጅማቱ ወደ ጫፍ ሲደርስ የሚሆነው ነገር ነው። በብሊቲ የቅጠሉ የላይኛው ክፍል ወደ ቀጭን ክር ተለውጦ ጅማቱ ክሩን ሁሉ ይሞላዋል፤ ከጅማቱ ግራና ቀኝ የሚቀር ስስ የቅጠል ገላ የለም። በኒቫሊስ ግን የቅጠሉ ገላ ከጅማቱ ጎንና ጎን እስከ ጫፉ አቅራቢያ ይከተላል፣ ዳሩም ጥቃቅን ጉጦች ስላሉት የተከረከመ ይመስላል። የበረዶ ውሃ በሌለበት ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ጅማቷ ክሩን የሚሞላውን ሌላዋን፣ አንድሬያ ሮቲንም፣ እጨምር ነበር።

ይህን በእርግጠኝነት ለማየት ቅጠሉን በአግድም መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው። የረጠቡ ቅጠሎችን ስላይድ ላይ ጎን ለጎን ያስተኙ፣ ሌላ ስላይድ ደርበው ጠርዙ የቅጠሎቹ መሐል ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። ከዚያ አዲስ ምላጭ በጠርዙ ላይ አስደግፈው ላይኛውን ስላይድ በፀጉር ስፋት ወደ ኋላ እየሳቡ በፍጥነት ይከትክቱ። ከ30 ቁራጭ ሦስቱ ቢያምሩ ጥሩ ሠርተዋል። ቁራጩ በጎኑ ሲተኛ ጅማቱ ስንት ድርብ ሕዋስ እንዳለው፣ ከጎኑ ያለው ገላ አንድ ድርብ ይሁን ሁለት ይቆጠራል። ባለ ጅማቶቹን አንድሬያዎች ለመለየት አንዳንዴ የስፖር መጠንም ይለካል፤ አንዷማ ስሟ ራሱ ሜጊስቶስፖራ፣ «ባለ ታላቅ ስፖር» ነው። ስፖር ለመለካት ግን ከረጢቷ የበሰለች መሆን አለባት፤ የከሰሙና ያልደረሱ ስፖሮች ተቀላቅለው ቁጥሩን ያበላሹታል።

ስለ ብርቅነት አንድ ነገር ልበልዎት፤ ደስታዎን ለማቀዝቀዝ አይደለም። ሞስ ብርቅ የሚባለው ከስንት ቦታ እንደተመዘገበ ታይቶ ነው፣ የሚመዘገበው ደግሞ ተንበርክኮ ያየ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ ናሙናዎ ተራዋ ሩፔስትሪስ ሆና ብትገኝ እንኳ ማንም ባልመዘገበበት ተራራ ላይ ከሆነ መዝገቡ ዋጋ አለው። ኒቫሊስ ሆና ከተገኘች ደግሞ ለሌላ ምክንያት ቦታውን በትክክል እንድናውቅ እፈልጋለሁ። ኑሮዋ የተሰፋው ከበረዶው ጋር ነው፤ በረዶው ቀደም ብሎ መቅለጥ ከጀመረ፣ ድንጋዩም በበጋ ከደረቀ፣ መጀመሪያ የምትጎዳው እርሷ ናት። እንዲህ ያለውን ለውጥ ማየት የሚቻለው ዛሬ የት እንደነበረች የጻፈ ሰው ካለ ነው።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ፤ ቤትዎ አያበቅሏትም። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ሥሯ አፈር ውስጥ የገባ ተክል አይደለችም፤ ድንጋዩን በጥቃቅን መያዣዎች ይዛ፣ ውሃዋን በቅጠሏ የምትጠጣ፣ ቀዝቃዛ ሌሊትና ብርቱ ብርሃን የለመደች ናት። የቤት ሙቀትና የቧንቧ ውሃ ቀስ በቀስ ይገድሏታል፤ ድንጋዩ ላይ የተወችው ባዶ ቦታም በቶሎ አይሞላም።

ለመለየት የሚያስፈልግዎ ከአውራ ጣት ጥፍር ያነሰ ቁራጭ ነው፤ ያውም ከጉብታው ዳር፣ ብዙ ጉብታ ባለበት ብቻ። ቦታው ጥበቃ የሚደረግለት ከሆነ ፈቃድ ሳይዙ ያችንም አይንኩ። አንድ ጉብታ ብቻ ካለ ምንም አይውሰዱ፣ በሌንስና በፎቶ ይጨርሱ። የወሰዱትን በፕላስቲክ አይዝጉ፣ ይሻግታል፤ ከወረቀት በታጠፈ ፖስታ አድርገው በአየር ያድርቁት። የደረቀ ሞስ ከብዙ ዓመታት በኋላም ውሃ ሲነካው ቅጠሉን ዘርግቶ ይመረመራል። ፖስታው ላይ ቀኑን፣ ከፍታውን፣ የጂፒኤስ ቁጥሩን፣ የድንጋዩን ዓይነት፣ ድንጋዩ ወደየት እንደሚያይ፣ ውሃው ከበረዶ ይሁን ከምንጭ በእርሳስ ይጻፉ፤ ብዕር ከረጠበ ይጠፋል።

ከዚያ ሦስት ፎቶ ይላኩልኝ፤ የደረቀች ከረጢት ከጎን፣ ከግንዱ መሐል የተነቀለ ሙሉ ቅጠል በ100 እጥፍ፣ ከቅጠሉ የላይኛው ሲሶ የተቆረጠ አንድ ቁራጭ በ400 እጥፍ። ቁራጩ እምቢ ካለዎት ሁለቱን ይላኩና ፖስታውን ያቆዩልኝ፤ እኔ እቆርጠዋለሁ።